አህያዋ ሰም ናት

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ቢቸና፣ በእናቴ ታላቅ ወንድም ቤት ነው። አባቴ ሞጣ ላይ ሲሞት እናቴ እኔንና አንዲት አህያ ይዛ ወንድሟን ተጠጋች። ያኔ ንጉሡ በዙፋናቸው ነበሩ፤ መሬቱ የአጎቴ ነበር፣ ቤቱም የእሳቸው፣ ተረቱም የእሳቸው። ደብረ ወርቅ ቅኔ ተምረው ስለነበር አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። እኔም እንደዚያው እላቸው ነበር።

ሲመሽ ምድጃው ዙሪያ እንቀመጣለን። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ኩራዙ እየተርገበገበ፣ የኔታ ፍሙን በእንጨት ቆስቁሰው ሲጀምሩ ያኔ እናቴ እንኳ ጌሾ መልቀሟን ትተወው ነበር። አንድ ምሽት የነገሩን ተረት ይህ ነው። አንዲት አህያ ጌታዋን አንበሳ ዘንድ ከሰሰች፤ ዕድሜዋን ሙሉ እህሉን ተሸክማ ገለባው እንኳ ተከልክላለች። አንበሳው ምስክር ጥሪ ቢላት ዞር ብላ ጭነት የገጠበውን ጀርባዋን አሳየችው። ፈረደላት። እኛ ልጆቹ አጨበጨብን። የኔታ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን አንስተው «ሰሙን ሰማችሁ። ወርቁስ?» አሉ። መልሱንም ራሳቸው ሰጡ፤ አህያዋ ነፍስ ናት፣ ጌታዋ ዓለም ነው፣ ጭነቱ ኃጢአት ነው። ሁልጊዜም እንዲሁ ነበር። ጦጣዋም በሬውም ጅቡም ሲፈቱ ሰው ሆነው ያርፉታል።

እናቴ በእኛ አህያ ጌሾ እየጫነች ገበያ ለገበያ ትዞር ነበር። የምንለብሰው ከዚያ ነው። አህያዋ ግን አርጅታ ነበር፤ የኋላ እግሯ ያነክሳል፣ የጀርባዋ ቁስል አልድን ብሏል። ያን ተረት በሰማን ማግስት የኔታ አሽከራቸውን ጠርተው ከወንዙ ማዶ ነድቶ እንዲተዋት አዘዙ። አገሩ እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ ያረጀ አህያ ለጅብ ይለቀቃል። ሥጋዋ ስለማይበላ ለማረድ እንኳ የሚደክምላት የለም።

«ወንድም ጋሼ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ትሰንብት» አለች እናቴ።

«ከእንግዲህ ምን ልትሠራ?»

«ሠርታለች እኮ።»

የኔታ ለአሽከሩ በእጃቸው ምልክት ሰጡት። እኔ ግን አላስቻለኝም። «የኔታ፣ ማታ አንበሳው ፈርዶላት የለም እንዴ?»

ሳቁ። «ለሷ መሰለህ፣ አንተ ቂል? አህያዋ ሰም ናት። ሰም ቀልጦ ይፈሳል፣ ወርቁ ይቀራል። ፍጥረት ሁሉ ለሰው ነው የተሰጠ፤ ኦሪትን ስትማር ታገኘዋለህ።»

ተምሬ አገኘሁት። እዚያው ኦሪት ላይ አህያም በሰንበት እንድታርፍ ታዟል። አህያ አፍ አውጥታ የሚደበድባትን ጌታዋን ስትሞግትም ተጽፏል። የኔታ ይህን በቃላቸው ያውቁት ነበር። ቆይቼ ተማሪ ቤት ስገባ ደግሞ፣ እንስሳ እንደ ሰዓት ያለ ዕቃ ነው፣ ቢጮኽም አያመውም ያሉ የፈረንጅ ፈላስፎች እንደነበሩ ሰማሁ። የኔታ እንዲያ አላሉም። እንደሚያማት ያውቁ ነበር፤ የቁስልን ነገር እንደሳቸው አሳምሮ የሚናገር አልገጠመኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ቁስሏን ለትምህርት ወሰዱት፣ እሷን ጣሏት።

አሽከሩ ነድቶ ወሰዳት። ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ የኔታ ሌላ ተረት ጀምረው ሳለ በሩ ተገፋ። አህያዋ ነበረች። እግሯን እየጎተተች ተመልሳ እስከ አንገቷ ገብታ ቆመች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«ይግባኝ ልትል መጥታ ነው» አለ አሽከሩ።

«ወርቁን ረስታ ሄዳ ይሆናላ» አለች የአጎቴ ሚስት።

«አውጧት» አሉ የኔታ።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። «እንግዲህ እኔም በዚህ ቤት ሰም ነኝ መሰለኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እስከሠራሁ ድረስ ነዋ፣ ወንድም ጋሼ።»

አህያዋን ራሷ ይዛ ወጥታ በረት አስገባቻት። ሲነጋ እናቴ ዕቃችንን በጀርባዋ አዘለች፤ አህያዋን ባዶዋን አስቀድመን፣ በእሷ እርምጃ ልክ እየሄድን ወደ ሞጣ ተመለስን። ሞጣ የጠበቀን ቤት አልነበረም። እናቴ ለሰው እህል እየፈጨች፣ እኔ እንጨት እየለቀምሁ፣ የሰው ጓሮ ተጠግተን ከረምን። ከዚህ በላይ አልተርከውም።

መስከረም ሲጠባ አህያዋ በተኛችበት ቀረች። እናቴ ዶማ ተውሳ ቀበረቻት፤ ጅብ እንዳያወጣትም ድንጋይ ከመረችባት። ሰፈሩ ጉድ አለ።

«ሙሾም ልታወርጂላት ነው?» አለቻት አንዲት ጎረቤት። «ደግሞስ ሞተች ይባላል እንዴ? የሚሞት ሰው ነው። እንስሳ ይበክታል። በከተች በይ።»

እናቴ አፈሩን ከእጇ እያራገፈች «ሞተች» አለች።

ተረቱ አብሮኝ አለ። ለልጆቼ፣ በኋላም ለልጅ ልጆቼ ሳልፈታ ነግሬያቸዋለሁ። አንበሳው ሲፈርድላት ያጨበጭባሉ፤ ከዚያ «አባባ፣ አህያዋ ግን ማን ናት?» ይሉኛል። አህያ ናት እላቸዋለሁ። ደስ አይላቸውም። ሰው እንድትሆንላቸው ይፈልጋሉ።