እናትነ ከኛጆክ ብትገጥም

ባሌን ጥዑመልሳንን ሰነፍ ነው ብዬ አላማውም። ከደብረ ማርቆስ ጋምቤላ ተመድቦ ሲመጣ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነበር። የግብርና ቢሮው ሁለት ክፍልና አንድ የጽሕፈት መኪና ብቻ በነበረው ጊዜ በእግርም በጀልባም ድንበር አጠገብ እስካለችው ማታር ድረስ እየዞረ የስንቱን ገበሬ ማሳ በገመድ ለክቷል። ወባ ሦስት ጊዜ ጥሎት ሦስቴም ያስታመምኩት እኔ ነኝ፤ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነኝ። ኒውላንድ ሰፈር የቆርቆሮ ቤት ሠራን። ቀትር ላይ ቢሮ ሲዘጋ ይመጣል፣ ምሳውን ይበላል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እያላበው ይተኛል። ስምንት ዓመት እንዲህ ኖርን።

በዘጠና ሦስት ዓ.ም. ለምሳ መምጣት ተወ። "ሥራ በዛ" አለኝ። በጋምቤላ ሙቀት፣ ያውም በቀትር፣ ለማን ነው ሥራ የሚበዛው? አንድ ቀን ምሳውን ቋጥሬ ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ጄኔሬተሩ ይጮሃል። እሱ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጧል፤ ኛጆክ የምትባለው የቢሮው ታይፒስት ደግሞ ወንበሯን አስጠግታ ከጎኑ አለች። "ጥዑም፣ በግራ ነው፣ በግራ" ስትለው ሰማኋት። ጥዑም አለችው። እኔ ሚስቱ እንኳ ሰው ፊት "አቶ ጥዑመልሳን" ነው የምለው።

ለካ ጌም ነው። አንድ የርዳታ ድርጅት ሰው ኮምፒዩተሩን ሲያስረክብ ውስጡ ትቶት ሄዷል። አንድ ጀግና ትፈጥሪያለሽ፤ ዱላ ይዞ ይነሳል፣ አውሬ በገደለ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል፣ ቀስ በቀስ ሰይፍና ጋሻ ይገዛል። የባሌ ጀግና ሴት ናት፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ባለ ሰይፍ። ከራሷ በላይ ስሟ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል፦ ኛጆክ።

ቤት ሲመጣ ጠየቅኩት። "ስሙ ከስድስት ፊደል እንዳይበልጥ ይላል" አለኝ። "የኔም ያንቺም አይገባም። እሷ አጠገቤ ነበረች፣ የሷ ልክ ስድስት ሆነ።"

በጣቴ ቆጠርኩ። እውነቱን ነው፤ ስሜ "እናትነሽ" በእንግሊዝኛ ስምንት ነው።

"ታዲያ 'እናት' ብለህ አትጽፍም ነበር?"

"እናቴን ሰይፍ ላስይዛት?" ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ቅናት መሆኑን አልደብቅም። ቀን በቀን ስሟን ያነባል፣ ስትቆስል ይደነግጣል፣ ጋሻ ያማርጥላታል። ለእኔ ጫማ የመረጠልኝ መቼ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም።

በማግስቱ እኔም እጫወታለሁ አልኩ። ያስተማረችኝ ራሷ ኛጆክ ናት፣ ያውም በትዕግሥት፤ ትዕግሥቷም አናደደኝ። ስሜን ስጽፍ "እናትነ" ላይ ቆመና "ሽ" ውጭ ቀረች። ሰይፍ አልመረጥኩም፤ ማከም መረጥኩ፣ የለመድኩት እሱን ነው። ሁለት ወር ሙሉ ቀትር በቀትር እናትነን ሳሳድግ ከረምኩ።

ችግሩ ጌሙ ለአንድ ሰው የተሠራ መሆኑ ነው። የእያንዳንዳችንን ጀግና ለየብቻ ያስቀምጣል፤ የእኔዋ ስትከፈት የባሌ የለችም፣ የባሌ ስትከፈት የእኔዋ የለችም። ሁለቱ ፊት ለፊት መቆም አይችሉም። ስለዚህ "ቢጋጠሙ የትኛዋ ታሸንፋለች?" የሚለው የቢሮው ሁሉ ወሬ ሆነ።

አንድ ዓርብ ቀን የመዝገብ ቤቱ ኦቻን "እኔ ልዳኝ" አለ። ወረቀት መሃል ላይ መስመር አሰመረ፤ በአንድ በኩል ኛጆክ፣ በሌላው እናትነ። እኔ የእኔዋን ከፍቼ ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጫለሁ። ባሌ ከኋላዬ ቆሟል። ኛጆክ በር አጠገብ ጠረጴዛዋ ላይ ናት።

"ኛጆክ አንዴ ስትመታ ዘጠና ጉልበት ትቀንሳለች" አለ ኦቻን። "እናትነ ራሷን አንዴ ስታክም መቶ ትመልሳለች። ስለዚህ አትሞትም።"

"ይኸው" አልኩ።

"ቆይ እህቴ። ያንቺ ምት አሥራ ሁለት ነው፣ የኛጆክ ጋሻ እስከ አሥራ አምስት ይመክታል። አንቺም አትገያትም። ይሄ ጸብ ማለቂያ የለውም። አቻ ብዬ ልጻፍ?"

አቻው አልዋጥልሽ አለኝ። ወደ ባሌ ዞርኩና "አንተ ፍረድ፣ የትኛዋ ታሸንፋለች?" አልኩት። የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፤ በውሸትም ቢሆን፣ እሷ እየሰማች፣ "አንቺ" እንዲለኝ።

"ኧረ ከነጭራሹ አይዋጉም" አለ ሳያስበው። "ኛጆክ እጇን አታነሳባትም። ታዝንላታለች።"

ኦቻን መጻፉን አቆመ። ኛጆክ ቀና ብላ ባሌን አየችውና ቶሎ አቀረቀረች።

"የቷ ኛጆክ ናት የምታዝንልኝ?" አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። "ይቺ ናታ፣ ጌሙ ላይ ያለችው" ብሎ ጣቱን ወደ ኮምፒዩተሩ ቀሰረ።

እዚያ የቆመችው ግን የእኔዋ ነበረች።