ከማተብ የተፈታው ቁልፍ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። አንዳንዱን ነገር አሳስቼ አስታውስ ይሆናል። ዕለቱ ሐሙስ ይሁን ዓርብ፣ ጅቦቹ ሁለት ይሁኑ ሦስት፣ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ያደረግሁትን ግን እኔ አደረግሁት።

ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ በነበረ አነስተኛ የዱር እንስሳት ማቆያ የጥገና ኃላፊ ነበርሁ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ካቡን የሚክቡት፣ አጥሩን የሚያጠብቁት፣ የዘመመ በር የሚያቃኑት አያ ታከለ የሚባሉ የስማዳ ሰው ነበሩ። ከአውሬ ክፍል ሲገቡ፣ ጎብኚ እንዳይከፍትባቸው በሩን በኋላቸው በጓጉንቸር ይቆልፉና ቁልፉን ከማተባቸው ጋር ያስሩታል። «አውሬ ቤት የገባ ሰው ቁልፉን ለወንድሙም አያምን» ይሉ ነበር።

ያን ቀን እንግዶች ነበሩብን። ቁልፍ ሁሉ በኃላፊው እጅ ይዋል የሚለውን መመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አያ ታከለ ከአንድ ባዶ ክፍል ገብተው እንደ ልማዳቸው ቆልፈው፣ ክፍሉን ከጅቦቹ የሚለየውን የጣውላ መዝጊያ ሲጠግኑ ደረስሁና በበሩ ፍርግርግ በኩል ቁልፉን ጠየቅኋቸው።

«ኧረ ተው መሐንዲስ፤ ቁልፍ የሌለው እኮ ጅቡ ነው። እኔንም ከእሱ ልትቆጥረኝ ነው?»

«ሳይቆይ እመለሳለሁ፣ አያ። ለእንግዶቹ ሥርዓት ይኑረን ብዬ ነው።»

«ሥርዓቱስ አንገቴ ላይ ነበር» አሉና ፈትተው ሰጡኝ።

እንግዶቹ ለምሳ ወደ ከተማ ወሰዱኝ። በምሳው መሐል እጄን ኪሴ ስከት ቁልፉን ነካሁት። ረሳሁ ብል ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁም። ነካሁት፤ አወቅሁ፤ ተቀመጥሁ። «ሰው ቆልፌ መጥቻለሁ» ብሎ መነሣት አሳፈረኝ። ምን ያህል ተቀመጥሁ? አንድ ሰዓት? ከዚያ በላይ? ማስታወስ የማልችለው ይህን ነው ወይስ የማልፈልገው?

ስመለስ ሠራተኞቹ በሩን ከነመቃኑ ከግንቡ ነቅለው አውጥተዋቸዋል። ጅቡ ያልተጠገነውን ጣውላ ሲገፋ፣ እርሳቸው በእጃቸው ደግፈው ይዘውት ኖሯል። ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ጎድሏል።

ከሕክምና ሲመለሱ ስለ ቁልፉ ተጠየቁ። «በማተቤ፣ ለመሐንዲሱ ሰጥቻለሁ» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ከአንገታቸው ተለይቶ አያውቅም፤ ጥለውት ይሆናል» አልሁ። እኔ አልሁ። ከሠራተኞቹ አንዱ «ማተብ ሲያረጅ ቁልፍ ያፈስሳል እንዴ?» ብሎ ሰዉን አሳቀ። አያ ታከለ አልሳቁም፤ አንገታቸውን በጎደለችው እጃቸው ዳስሰው ወጡ። በማተቡ ምሎ ያልታመነ ሰው በአገራችን ምን ይቀረዋል? ሥራቸውን አጡ፤ ስማቸውንም አጡ። እኔ ግን አድጌ ተዛወርሁ።

ዛሬ መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተምራለሁ። ከክፍል ስወጣ በሩን ሳልቆልፈው እሄዳለሁ፤ ተማሪዎቼ ዝንጉ ይሉኛል። የተቆለፈብኝ እኔ ነኝ፤ ቁልፉም በእጄ ነው፤ ታዲያ ለምን አልወጣሁም? አንዲት መሸሸጊያ ስለ ነበረችኝ ነው፦ ምናልባት ይህ በመሳቢያዬ ያለው ቁልፍ የመጋዘኑ ይሆናል፤ ምናልባት የጅቦቹን ቁልፍ በእርግጥም መልሼላቸው ይሆናል፤ ምናልባት ራሴን የምከሰው በተሳሳተ ትዝታ ይሆናል። በዚህች «ምናልባት» ውስጥ ብዙ ዓመት ኖርሁ።

አያ ታከለ ስማዳ ማረፋቸውን ባለፈው በጋ ሰማሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሉኝ፤ አልከራከርም። ይቅርታም አልለምንም፤ ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው ተቀብሯል። ቁልፉን ይዤ ንፋስ መውጫ ሄድሁ። ማቆያው ተዘግቶ ሣር በቅሎበታል። ያኔ የተነቀለው በር ከነመቃኑ ካቡን ተደግፎ ቆሟል፤ የከፈተው ሰው ስላልነበረ ጓጉንቸሩ እንደ ተቆለፈ ነው። ዝገቱ ላይ ጋዝ ጠብ አደረግሁና ጥቂት ጠበቅሁ።

ቁልፉ ገባ። ዞረም።