የደሴ ዕድሜ

ለነፍስ አባቴ ስንቱን ነግሬያቸዋለሁ። መስከሬን፣ ጾም መግደፌን፣ ሚስቴን በክፉ ቃል መናገሬን፣ ሌላም ብዙ የማያኮራ ነገር። ይችን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እየዘለልኳት ነው የመጣሁት። ደብቄያት ቆርቤያለሁ። ለሚስቴም ለልጆቼም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው፤ ከሌላው ጋር ደምሩልኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ ነው። እኔና ደሴ ሰባተኛ ክፍል ነበርን። ደሴ የአንበሳሜ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ እናቱ እማማ ጥሩዬ ልጃቸውን ይዘው ወደ ከተማ መጡና ከእኛ አጠገብ ተከራዩ፤ ጥጥ እየፈተሉ ያሳድጉት ነበር። ሌላ ልጅ የላቸውም። እኛ አጠገብ የመረጡትም ያለ ምክንያት አልነበረም። አባቴ አንበሳሜ ገበያ ቆዳ ይነግዱ በነበረበት ጊዜ ደሴን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ቀበሌያችን ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች የገና ቡድን ሊያቋቁም መሆኑን በድምፅ ማጉያ አስነገረ። ገና ድሮ ፈቃድ የሚጠየቅበት ጨዋታ አልነበረም፤ ቆልማማ ዱላ ያለው ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ጥንጓን ይመታል፣ ቅልጥሙን ይመታል፣ ወደ ቤቱ ይገባል። አሁን ግን ባህላዊ ስፖርት ተባለና ማሊያ ለበሰ፣ አሠልጣኝ ተሾመለት፣ ፊሽካ ተነፋበት። አሥራ ሁለት ልጅ ይመረጣል ተባለ። ለተመረጠው ቀይ ማሊያና ሸራ ጫማ ይሰጠዋል፤ ቡድኑ ካሸነፈ በጭነት መኪና ጎንደር ይሄዳል። እኔ ጎንደርን አይቼ አላውቅም ነበር። ሸራ ጫማም አድርጌ አላውቅም።

ደሴ በመጀመሪያው ቀን ተመረጠ። ግራኝ ነበር፤ ጥንጓ ከየት እንደምትመጣበት ተከላካዩ ሳያውቅ ታልፈዋለች። ቁመቱም ከሁላችን ይበልጥ ነበር። እኔ አሥራ ሦስተኛ ሆንኩ። ተጠባባቂ አሉኝ። ተጠባባቂ ማለት የሌሎችን ልብስ ተሸክሞ ዳር የሚቆም መሆኑን የተረዳሁት ከሐሙሲት ልጆች ጋር ስንጫወት ነው። ያን ቀን ደሴ ብቻውን ሦስት ጊዜ አገባ። እኔም አጨበጨብኩ። ሳጨበጭብ ውስጤ ይነድ ነበር።

ከጨዋታው በኋላ የሐሙሲት አሠልጣኝ ከሰሰ፤ ይኼ ረጅሙ ልጅ ሳይሆን ጎረምሳ ነው አለ። ደንቡ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አይፈቅድም። ስለዚህ የቀበሌያችን ጸሐፊ የደሴን ዕድሜ አጣርቶ መዝገብ ላይ እንዲያሰፍር ታዘዘ። የልደት ወረቀት ያኔ ማን ነበረው? የክርስትና አባት ቃል ይበቃል ተባለ። አባቴ በዚያ ሰሞን ታመው ተኝተው ነበር፤ ጸሐፊው ሂድና ጠይቀህ ቃላቸውን አምጣ ብሎ እኔን ላከኝ። የታመነ ልጅ ነው ብሎ ነው የላከኝ።

ሄጄ ጠየቅኳቸው። አባቴ ጋቢያቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉና ጥቂት አሰቡ። «አንተ በተወለድክበት ክረምት ነው ያነሳሁት፤ አሥራ አራት ነው፣ እንዳንተው» አሉኝ።

ከቤታችን እስከ ቀበሌው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አሥር ደቂቃ ለአንድ ልጅ ትንሽ ጊዜ ነው? ለእኔ በቅቶኛል። አፌን አዳልጦኝ ነው እንዳልል መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሜ አስቤበታለሁ። ጸሐፊው ፊት ስቀርብ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

«አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው ብለዋል» አልኩ።

አሥራ ስድስት ብል እኮ ይበቃ ነበር። አሥራ ስድስት ብል ደሴ ከቡድኑ ይወጣል፣ እኔ እገባለሁ፣ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ታዲያ አሥራ ስምንትን ምን አመጣው? እርግጠኛ ለመሆን ነው። ማንም እንዳይከራከረኝ። ጸሐፊው ቁመቱን አስታወሰና ራሱን ነቀነቀ፣ በቀለም ጻፈው።

ደሴ ተሰረዘ፤ ማሊያውን እኔ ለበስኩት። ሲነግሩት አባባ ተሳስተው ይሆናል፣ ታመዋል አለ። ጎንደር ልንሄድ ስንል ከወይራ የጠረባትን ዱላውን ይዞልኝ መጣ። ያንተ ትሰነጠቃለች፣ በዚች ተጫወት አለኝ። ተቀበልኩት። እንዴት እጄ አልደረቀም? በእሷ ተጫውቼ አንድም ሳላገባ ተሸንፈን ተመለስን።

አባቴ በመጋቢት ሞቱ። በግንቦት የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ መጣ፤ ቀበሌው ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆኑ ወጣቶችን እንዲያቀርብ ታዘዘ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ፤ ደሴን ከትምህርት ቤት በር ላይ ወሰዱት። ከሌሎቹ ጋር ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ሦስት ቀን አቆዩት። እማማ ጥሩዬ ልጄ ገና አሥራ አምስት አልሞላውም ብለው ጸሐፊው እግር ላይ ወደቁ። በዚያ ሰሞን የልጇን ዕድሜ የማትቀንስ እናት አልነበረችምና ማን ይስማቸው? በመጨረሻ ጸሐፊው አንድ ነገር አላቸው። ያኔ ቃሉን ያመጣው ልጅ መጥቶ ተሳስቻለሁ ካለ እሰርዘዋለሁ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ደጃችን ላይ ቆሙ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ አባትህ ያኔ ምን አሉህ? እውነቱን ንገረኝ። ማንም አይነካህም፣ እኔ አለሁ» አሉኝ።

«አሥራ ስምንት ነው ያሉኝ፣ እማማ።»

በእሱ ፋንታ እኔን ይወስዱኛል ብዬ ፈርቼ ነበር? ፈርቼ ነበር። ቀበሌን አሳስተሃል ብለው ያስሩኛል ብዬስ? አዎ፣ እሱንም። ግን ይህ ሁሉ በኋላ የፈለግኩት ምክንያት ነው። እውነቱን ከነገርኳችሁ ያፈርኩት ቀጣፊ ከመባል ነው። ከቀጣፊነት ስም የጓደኛዬ መሄድ ቀለለኝ። እሳቸውም ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ «የገዛ ልጃቸውን ለማጫወት ብለው ነዋ» አሉ። አባቴን ማለታቸው ነው። እንደገባኝ ልቤ ያውቃል። አይደለም አላልኩም።

ደሴ ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ለእኔም ሰላምታ ነበረበት። ከዚያ ወደ ሰሜን ዘመቱ ተባለ፤ ሌላ ወሬ አልመጣም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ሲመለስ እማማ ጥሩዬ ወደ አውራ ጎዳናው እየወጡ የሚያልፈውን ሁሉ ይጠይቁ ነበር። በስንተኛው ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ተቀመጡ። እኔም ድንኳን ስተክል ዋልኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ያለ ጓደኛ ነው አለ።

ከዚያ ሁሉ በፊት፣ በአባቴ ሙት ዓመት ተዝካር እማማ ጥሩዬ ደጃችንን አልረገጡም፤ ከዚያ ወዲህም የአባቴን ስም አይጠሩም ነበር። እናቴ ምን በድለናቸው ነው እያለች አለቀሰች። ምክንያቱን ሳታውቅ ሞተች። አባቴን በቁማቸው ዋሸሁባቸው፤ መቃብር ከገቡ በኋላ ደግሞ የሰው ልጅ ያስበላ አደረግኳቸው።

አምና እማማ ጥሩዬ መድከማቸውን ሰምቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አይናቸው ፈዟል፤ በድምፄ አወቁኝ። እጄን ያዙና ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቴን ስም ጠሩ። «ይቅር ብያቸዋለሁ። የልጅ ነገር አሸንፏቸው ነው። መቃብራቸው ላይ ሄደህ ንገርልኝ» አሉ።

ያኔ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም። እኔ ግን እሺ እማማ አልኩ። መረቁኝ፤ አሜን አልኩ። በሳምንቱ ቀበርናቸው።

ወደ አባቴ መቃብር አልሄድኩም። ምን ብዬ? ይቅርታም አልለምንም፤ ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት የሉም፣ ለእናንተ ደግሞ የበደልኳችሁ ነገር የለም። ልጅ ነበርኩ ብዬም አላመካኝም፤ ደሴም ልጅ ነበር። አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። አባቴ ያሉኝ ይህንኑ ነው።