ከልጄ አፍ ቀድሜ

ልጄ ሲጠይቋት ቶሎ አትመልስም። ስሟን እንኳ ቢጠይቋት ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ ትቆያለች። ጠያቂው ሰልችቶት ሌላ ወሬ ሲጀምር መልሱ ይመጣል። ልክ መልስ ነው። ተሳስታ ስትመልስ ሰምቼ አላውቅም።

ትንሽ ሳለች የባሌ እህት በሰው ፊት ታወድሳት ነበር። "እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ የት ትገኛለች! ትልቅ ሰው ፊት ቃል አይወጣትም።" እኔም ኩራት ተሰማኝ። እንግዳ ሲጠይቃት ፈጥኜ እመልስላት ነበር፦ ደህና ናት፣ በልታለች፣ ትምህርቷም ጥሩ ነው። ሠላሳ ሞልቷት ሳታገባ ስትቀር ያቺው ሴትዮ ሠርግ ቤት መሀል፣ "እታለም፣ ዱዳዋ ልጅሽ ዛሬም ምላሷን ቤት ትታው መጣች?" አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። አሁን ታማ ተኝታለች አሉ። ልጠይቃት አልሄድኩም፤ አልሄድምም።

አስተማሪዋንም አልረሳሁ። ጠይቃት እስከ ሦስት ትቆጥርና ወደ ሌላ ልጅ ታልፍ ነበር። ልጄ አሥር ላይ ነበር የምትደርሰው።

ኦቲዝም የሚለውን ቃል የነገሩኝ ልጄ አርባ ሊሞላት ሲል ነው። የመረመረቻት ባለሙያ እዚሁ የተወለደች የኛው ልጅ ናት፤ ዕብራይስጥ ስለለመደች አማርኛዋ ይሰባበራል። ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠቻትና ሥዕል ሲመጣ ቁልፍ እንድትጫን አዘዘቻት። ልጄ ዘገየች፣ አንዴም ግን አልሳተችም። እኔ ስነጫነጭ ጊዜ፣ "እስቲ እርስዎም ይሞክሩ" አለችኝ። ሥዕሉ ሳይመጣም ተጫንኩ።

"እማማ፣ እርስዎ በጣም ፈጣን ነዎት፤ ስህተትዎም ብዙ ነው" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ "የሷ መዘግየት ኦቲዝሙ ብቻ አይደለም፤ ጠባይዋም ነው። ጥንቁቅ ናት። እርግጠኛ ሳትሆን አትነካም" አለችኝ።

አርባ ዓመት ሙሉ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ባሌ ሞቷል፤ ልቤም ደክሟል። ሐኪሙ ሊያባብለኝ አልሞከረም። ከዘመዶቼ መሀል ልጄን የምተውለት አንድ ሰው የለም። ስለዚህ ከሦስት ሴቶችና ከአንዲት ረዳት ጋር የምትኖርበት ቤት እንዲሰጣት አመለከትኩ። ይህን የሚወስነው፣ በዕብራይስጥ ቫዓዳ የሚሉት ኮሚቴ ፊት ቀረብን። ሰብሳቢው ልጄን፣ "ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?" አላት።

"ከሴቶቹ ጋር!" አልኩ እኔ።

"አንቺን አልጠየቅሁም" አለኝ፣ በዕድሜ እናቱን የማክለውን ሴት። "ከራሷ አፍ መስማት አለብኝ።" ቀጠሮውን ለወራት ገፋው። እነዚያን ወራት ከየት እንደማመጣቸው አልጠየቀኝም።

በሁለተኛው ቀጠሮ በር ላይ አስቀሩኝ። ኮሪደሩ ውስጥ የነጠላዬን ጫፍ እየነከስኩ ጠበቅኩ። ልጄ ወጣች። ፈርማለች አሉኝ፤ ምን እንዳለች ግን ከሷ ስሚ ብለው በሩን ዘጉ።

የመኪና ጩኸት ስለማትወድ ኢትዮጵያ ጎዳና በሚሉት ጸጥ ያለ መንገድ በኩል ወሰድኳት። "ምን አልሻቸው?" አልኳት። መንገዱ ዳር ያለውን የቤተ ክርስቲያን ግንብ አለፍን። "ከሴቶቹ ጋር አልሽ፣ አይደል?" ልላት ከአፌ የደረሰውን ቃል ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ታግሼ አላውቅም። ጎዳናው አለቀ፣ ፌርማታው ጋ ደረስን።

"ከእማዬ ጋር አልኳቸው" አለች።

የፌርማታው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ለሐኪሙ፣ ለማህበራዊ ሠራተኛዋ፣ ለጎረቤት ሁሉ እሷ አጠገቤ ቆማ እያለች ስለ ልቤ አውርቻለሁ። ለሷ ግን አንድ ቀንም ነግሬያት አላውቅም።

"እኔ ስሞትስ፣ ልጄ?" አልኳት።

ዓይኗን የእግረኛው መንገድ ላይ ተከለች። ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ቂርያት ሃዮቨል የሚሄደው አውቶቡስ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋና ሄደ። ሌላም መጣ። እጇን ይዤ ተቀመጥኩ።