የእህቴ እንቅልፍና የክሪል ሰዓት

ባሕር አይቼ አላውቅም። እንጀራዬ ግን ከባሕር እንስሳ ነው። ክሪል ትባላለች፤ ከጣት የማትበልጥ፣ በረዷማ ባሕር ውስጥ የምትኖር ፍጥረት። ሌሎች ተመራማሪዎች ቀንም ሌሊትም በየሰዓቱ እያጠመዱ፣ በሰውነቷ ውስጥ የትኛው ጂን ሥራ ላይ እንዳለ የሚያሳየውን የጂን ቅጂ አንብበው ይልኩልኛል። እኔ መካነ ሰላም ቁጭ ብዬ፣ መብራት ሲኖር፣ በኮምፒውተር እተነትነዋለሁ። ጎረቤት "ይበላል?" ይለኛል። ክሪል ብርሃን በማይገባበት ገንዳ ውስጥ ብትቀመጥ እንኳ ጂኖቿ የለመዱትን ሰዓት ጠብቀው ይነቃሉ፣ ያርፋሉ።

እህቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ ይህንኑ በሰው አየሁት። እዚያ ቤት ሠራተኛ ሳለች ማዳሟ ሌሊቱን ሙሉ ስታዛት አድራ፣ እንድትተኛ የምትፈቅድላት ጎሕ ሲቀድ ነበር። አገሯ ገብታም ያው ነው፤ ዓይኗ ፈጦ ያድርና ጎሕ ሲቀድ ያሸልባታል። እናቴ ደግሞ ሰይጣን ይዟታል ብላ፣ ጸበል ልትወስዳት የምትቀሰቅሳት ልክ በዚያ ሰዓት ነው፤ ጸበል በማለዳ፣ በባዶ ሆድ ነዋ! ልጅቱ ከሳች። እኔ በንዴት ተቃጠልኩ።

"እማዬ፣ ሰይጣን አይደለም፤ እንቅልፍ ነው ያጣችው። ትተኛና ረፋዱ ላይ ውሰጃት" አልኳት።

"አንቺ የትል ሐኪም! ደሞ ጸበልን ልታስተምሪኝ ነው?"

ጮህኩባት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ማዳሟን ከየት አገኛታለሁ? ለክሪል እንቅልፍ ስንት ሊቅ ይጨነቃል፤ ለእህቴ እንቅልፍ ማን ተጨነቀ?

በማግስቱ ማለዳ እናቴ ጀሪካኗን ይዛ ከበሩ ላይ "ተነሽ!" ስትል፣ እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ዘላ ቆመች። አንገቷን ደፍታ "ሃዲር ማዳም፣ ሃዲር" አለች። እሺ፣ መጣሁ ማለቷ ነው።

 እናቴ ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ እህቴን ትከሻዋን ይዛ አስተኛቻትና ብርድ ልብሱን መልሳ አለበሰቻት።

"አብሽሪ ልጄ፣ እኔ ነኝ። ተኚ።"

ጋቢዋን ተከናንባ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። አብራቸው ጸበል ልትወርድ የመጣችውን ጎረቤት፣ "ጸበሉ የትም አይሄድ፤ ልጄ ተኝታለች" ብላ መለሰቻት።

በእናቴ ላይ የነበረኝ ንዴት ያን ቀን በረደ። በማዳሟ ላይ ያለኝ ግን እንዳለ ነው፤ እህቴ እስካሁን የምትተኛው በሴትዮዋ ሰዓት ነው።