ሁለት የሕይወት ታሪክ በአንድ ገጽ

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ የቦሌ ጎረቤታችንን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውየው ያኔ በሕይወት ነበሩ። ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው፤ ሕመማቸው እንደማይድን ስላወቁ፣ ቀብራቸው ላይ የሚነበበውን አስቀድመው ሊያጽፉ ፈለጉ። ድርሰት እንደምችል ሰፈሩ ያውቃል። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተሬን ይዤ ስሄድ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የት ተወለዱ ብዬ ስጠይቃቸው፣ እሱ ይቆይ አሉና ሙያውን ስላስተማራቸው አሜሪካዊ ጀመሩልኝ። በወጣትነቱ፣ በአገሩ፣ ጨርቅ በለበሰች አውሮፕላን ከገጠር ገጠር እየዞረ፣ የገበሬ ማሳ ላይ እያረፈ፣ ከመሬት ተነስቶ የማያውቀውን ሰው በሳንቲም ያሳፍር ነበር። ቀጥሎ የአውሮፕላን እሽቅድምድም ገባ፤ ረጃጅም ምሰሶዎችን እየታከኩ መዞር ነው። አንድ ቀን ክንፉ ምሰሶ ነክቶ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ ቀኝ እግሩ አልታጠፍ አለ። ሲያረጅ እዚህ መጥቶ መካኒክ አሠለጠነ፣ እዚሁም ሞተ።

ሦስት ቀን ሙሉ የጻፍኩት ስለ ፈረንጁ ብቻ ነው። ባለቤታቸው ሻይ ይዘው ሲገቡ፣ «ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ እኔ አንድ መስመር እንኳ አልደረሰኝም» ብለው ቀለዱ። ባልየው ግን አልሳቁም።

«ፈረንጁ ሲቀበር አምስት ሰው ነበርን» አሉኝ። «ታሪኩን ጽፌ ይዤ ሄጄ ነበር። አፍሬ ከኪሴ ሳላወጣው ተመለስኩ። የኔ ሲነበብ የሱም ይነበብለት፣ ልጄ።»

«እሺ ጋሼ፣ ይነበባል» አልኳቸው።

ከወር በኋላ አረፉ። ቀብር ላይ የሚያነቡት የእድራችን ጸሐፊ ጽሑፌን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ ከአንድ ገጽ በላይ ካህናቱ አይታገሱም፣ ደግሞስ የማናውቀው ፈረንጅ እዚህ ምን ይሠራል ብለው መለሱልኝ። ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ፈረንጁን ከጋሼ ታሪክ ጋር አብሬ ሰፋሁት። ሞተርን በጆሮ መለየት የተማሩት ማሳ ላይ ያርፍ ከነበረው ሰው ነው፤ ብሎን ሁለቴ ማጥበቅን ያስለመዳቸው ያ ከእሽቅድምድም የወደቀው ነው። አንዱን የሰረዘ ሌላውን ይተረትራል። ጸሐፊው አንድ ገጽ መሆኑን ብቻ አይተው ኪሳቸው ከተቱት።

ሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ማንበብ ጀመሩ። ፈረንጁ የሚገባበት መስመር ላይ ሲደርሱ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ ድምፁ እስኪርቅ ንባቡን አቆሙ። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ ወረደ፣ ግንባራቸው ተኮሳተረ። ሊዘሉት ነው አልኩ በልቤ። ቀና ብለው የሟቹን ባለቤት አዩ።

«ያንብቡት» አሉ ሴትዮዋ።

አነበቡት፣ እስከ መጨረሻው። አጠገቤ የቆሙ እናት ማንነቱን ሳያውቁ ለፈረንጁ አለቀሱለት። እኔም አለቅስ ነበር፤ ነጠላዬን አፌ ላይ የያዝኩት ግን ፈገግታዬ እንዳይታይ ነው።