እህቴና የውሸቱ ሐኪም

ፊልሙን አይቼዋለሁ፤ ያስቃል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የሠሩትን ሰዎች ልወቅስ የተነሣሁ እንዳይመስል ነው። ላሊበላ የመጡት ሰው ሊያስቁ ነው፤ አስቀውም ሄዱ። ያን ጊዜ ቱሪስት ከራቀን ቆይቶ ነበር። አስጎብኚ ነኝ ብዬ የምኮራው ሰውዬ፣ ጧት ጫማዬን ወልውዬ ከቤት እወጣና አስፋልቱን አንዴ ወርጄ አንዴ ወጥቼ እመለሳለሁ። ስለዚህ "አገሩን የሚያውቅ፣ ከሰው የሚያግባባን እንፈልጋለን" ሲሉ ምን ዓይነት ፊልም ነው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

ታሪኩ የጥንት ነው፤ በንጉሥ ዘመን፣ ባላባት ግብር በሚያበላበት ጊዜ። ባሕር ማዶ ተሻግሬ ሕክምና ተማርሁ የሚል አንድ አጭበርባሪ፣ ጥቁር ካፖርት ለብሶና ባርኔጣ ደፍቶ፣ ቀይ ውኃ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በአህያ አስጭኖ ከአንድ ደጃዝማች ግቢ ይገባል። ከዚያ በኋላ መኳንንቱን እንዳሻው ይጫወትባቸዋል። ቁርጥ ያስተዋቸውና ጥሬ ጎመን ያስግጣቸዋል። አንዷን ጉርሻ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ እስኪያልቅ አላምጡ ይላቸዋል። ወይዘሮዋን ወገብሽ ይቀጥናል ብሎ ጤዛ ላይ በባዶ እግሯ ያስሮጣታል፤ ደጃዝማቹን ጎሕ ሲቀድ ከነካባቸው ቀዝቃዛ ውኃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዝፋቸዋል። ደጃዝማቹ ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ "ይኸው፣ ጤና ተሰማኝ" ሲሉ፣ ጃንጥላ ይዤ የቆምሁት እኔ ሳቄ አምልጦኝ ቀረጻውን ከአንዴም ሁለቴ አበላሽቻለሁ።

ከሥራ ስገባ የዕለቱን ሁሉ ለእህቴ እተርክላታለሁ። ታላቄ ናት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቅዳሜ ገበያ ጌሾና ብቅል ትሸጣለች። ምላሷ እሳት ነው። ጎረቤታችን በስልኳ ያየችውን ሁሉ የምትጠጣ ሴት ናት፤ ዛሬ ዝንጅብል በሎሚ፣ ነገ ሽፈራው፣ ከነገ ወዲያ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ። እህቴ "የዚችስ ሆድ ጓሮ ሆነላት፤ አጥር ብቻ ነው የቀራት" ትላለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ጋሸና ላይ መኪና ስንጠብቅ፣ በድምፅ ማጉያ "ለኩላሊት፣ ለጨጓራ፣ ለስንፈተ ወሲብ" እያለ ሥር የሚሸጥ ሰውዬ አጋጠመን። ዝም ብላ ስትሰማው ቆየችና "ወንድምዓለም፣ ድምፅህ ዘግቷል፤ ለጉሮሮስ የለህም?" አለችው። የከባድ መኪና ሾፌሮቹ በሳቅ ወደቁ። ስለዚህ ሞኝ ነበረች የሚል ሰው ካለ አላውቃትም ይበል።

ስኳር ነበረባት። የምትኖረው ጧትና ማታ በምትወጋው መርፌ ነው። ማቀዝቀዣ ስለሌለን መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ አሸዋው እንዳይደርቅ ውኃ ትረጨዋለች። በጦርነቱ መንገድ ተዘግቶ መድኃኒት የጠፋ ጊዜ ሰውነቷ ሟሙቶ፣ ራሷን ስታ፣ ከሞት ደጅ ነው የተመለሰችው። መርፌውን ካቋረጠች እንደምትሞት እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። "ጭኔ ወንፊት ሆነ እኮ" ብላ ታማርራለች እንጂ በገዛ ፈቃዷ አቋርጣ አታውቅም ነበር።

የበሽተኞቹ ትዕይንት የተቀረጸው ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሲኬድ ካለች አንዲት መንደር፣ ከድንጋይ ደርብ ቤቶቹ ፊት ለፊት ነው። የአጭበርባሪው ዝና አገር አዳርሶ፣ ሕዝቡ በሽተኛውን ይዞ ወደ እሱ የሚወጣበት ትዕይንት ነው። ዳይሬክተሩ ትሑት ወጣት ነበር። የሰበሰብሁለትን ሰው እየዞረ "እርስዎ አንካሳ ይሁኑ፤ አንቺ ተንቀጥቀጪ፤ አንተ ደግሞ ዕውር ነህ" ማለት ጀመረ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሴቶቹ አማተቡ።

የተናገሩት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከግንቡ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። "ልጄ፣ ሌባ ሁን ብትለኝ እሆንልህ ነበር፤ ቀማኛም ሁን በለኝ። በሽታን ግን አልጠራም። ሲጠሩት የሚቀር እንግዳ አይደለም።"

ዳይሬክተሩ ምን እያሉ ነው በሚል ዓይን ወደ እኔ ዞረ። እኛ አገር ጤነኛ ሰው ታመምሁ ብሎ አይጫወትም፤ ሟርት ነው፤ ልጅ እንኳ እያነከሰ ከተጫወተ በኩርኩም ነው የሚመለሰው አልሁት። ለመነ፣ ተለማመጠ፤ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ መላውን ያመጡት እኚያው ሽማግሌ ናቸው።

"የታመመ ጥራ። የታመመ ሰው ታመምሁ ቢል ምን ውሸት አለበት? እኔ ራሴ ይኸው፤ አንዱ ዓይኔ ጠፍቷል፣ ሁለተኛውም ጭላንጭል ነው። ዕውር ሁን ብትለኝ የምዋሸው ሩቡን ብቻ ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ለእኔም ብልህ መላ መሰለኝ።

ወሬው ገበያ ዋለና ሌላ ሆኖ ተመለሰ። በቀጠሮው ጧት ከየሸንተረሩ በበቅሎ የተጫነ፣ በቃሬዛ የተያዘ፣ በምርኩዝ የሚጎተት ድውይ መንደሯን ሞላት፤ ከኮን ድረስ የመጡ ነበሩ። ግማሹ የመጣው ለፊልም አይደለም፤ ሐኪም መጣ ሲባል ሰምቶ ነው። አንዲት እናት ካፖርት የለበሰውን ተዋናይ ጨምድደው ይዘው "ጌታዬ፣ ጉልበቴን ብቻ ይዩልኝ" አሉት።

"እማማ፣ እኔ ተዋናይ ነኝ።"

"ግዴለም፣ ይሁን። ይዩልኝ።"

ምን ያድርግ፣ ተንበረከከና ጉልበታቸውን ዳሰሰ። መረቁት። ቀና ሲል ከኋላቸው ሰልፍ ተሠርቷል። እኛ ያኔ ሳቅን፤ ተዋናዩ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ለሚቀጥለው ተንበረከከ።

በዚያ ሰልፍ መካከል እህቴ ቆማለች። አትምጪ ብያት ነበር።

"ምን ልትሠሪ መጣሽ፣ እታለም?"

"ይኼን ስኳር ስንት ዘመን ስጦረው! ለአንድ ቀን እንኳ ይሥራልኝ እንጂ።"

ዳይሬክተሩ ከዚያ ሁሉ ሰው እሷን መረጠ። የምትሠራው ቀላል ነው። ከአጭበርባሪው ጋር አስቀድማ የተመሳጠረች ሴት ናት፤ በአልጋ ተሸክመው ያመጧታል፣ ቀዩን ውኃ ያጠጣታል፣ እሷም ብድግ ብላ "ዳንሁ! ዳንሁ!" ትላለች፣ ሕዝቡ እልል ይላል። ውኃው ስኳር የሌለበት ከርከዴ መሆኑን እኔው ቀምሼ አረጋገጥሁ። የምጠነቀቅለት እሱ ብቻ መስሎኝ።

መጀመሪያ "ዳንሁ" ስትል ሳቋ መጣ። እንደገና ተባለ። አሁን ደግሞ ድምፅዋ አነሰ። ዳይሬክተሩ "ከልብሽ፣ እናቴ! ስንት ዓመት ተኝተሽ እንደተነሣሽ!" ይላታል። ፀሐዩ እየከረረ ደጋገሙት። እየቆየ ሲሄድ አንድ ነገር ተለወጠ። እልል የሚሉት ሴቶች የእውነት በሽተኞች ናቸው፤ እልልታቸው እንባ እንባ ማለት ጀመረ። በመጨረሻው ላይ እህቴ ከአልጋው ተስፈንጥራ፣ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ስትጮህ እኔንም ወረረኝ። ሽማግሌው በዳበሳ መጥተው እጇን ያዙና "ልጄ፣ ለኔም ለምኝልኝ" አሏት። ዳይሬክተሩ አጨበጨበ፤ ቀረጻው አለቀ።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድም አልቀለደችም።

በማግሥቱ ጧት መርፌዋን አልወጋችም። ምነው ብዬ ጠየቅኋት።

"ዳንሁ ብያለሁ" አለችኝ።

"እታለም፣ ፊልም እኮ ነው!"

"ፊልም መሆኑ ጠፋኝ? ሰውዬው ቀጣፊ መሆኑም አልጠፋኝም። የጮኸው ግን የኔ አፍ ነው።"

ይህ ለሌላ አገር ሰው ላይገባው ይችላል። ጸበል ቦታ የተፈወሰ ሰው በጉባኤው ፊት ቆሞ ይመሰክራል። ከመሰከረ በኋላ ተመልሶ ታመምሁ ማለት የተሰጠን ጸጋ መርገጥ ነው ብሎ የሚፈራ ብዙ ሰው አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሌሎችን ምስክርነት ከኋላ ቆማ ስትሰማ ኖራ፣ አንድም ቀን ተራው ደርሷት አያውቅም። ያን ቀን ደረሳት። በውሸትም ቢሆን ደረሳት። ደግሞም ደክሟት ነበር፤ መርፌው፣ ጦሙ ሳይቀር በሐኪም ትእዛዝ የተቆጠረባት ኑሮ፣ መድኃኒቱ መጣ አልመጣ እያለች መሳቀቁ። መድከሟን ግን የምናገረው እኔ ነኝ፤ እሷ አላለችኝም።

የንስሐ አባታችንን ይዤ መጣሁ። መስቀላቸውን አሳለሟትና ተቆጧት። "ልጄ፣ ጸበሉንም መርፌውንም የሰጠ አንድ እግዚአብሔር ነው። ተይው ያለሽ ማነው?"

"ይፍቱኝ አባቴ። እርስዎ አልነበሩም። ያ ሁሉ ድውይ እልል ብሎልኝ፣ እኚያ ዓይነ ስውር ሽማግሌ እጄን ይዘው አልቅሰው፣ እኔ ዞሬ ታመምሁ ልበላቸው? ከነገ ወዲያ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?"

"የነሱ ተስፋ በእግዚአብሔር ነው እንጂ በአንቺ አይደለም" አሏት።

"እሺ አባቴ" አለች። መስቀሉን ደግማ ተሳለመች። መርፌውን ግን አልነካችም።

ዳይሬክተሩ ራሱ መጥቶ ጨዋታ ነበር እንዲላት ፈልጌ ነበር። እነሱ ዕቃቸውን ጭነው ሄደዋል፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ስልኩም አይገባም። ለመንኋት። ተቆጣሁ። እግሯ ላይ ወደቅሁ። አንድ ቀን በጉልበት ልወጋት እጇን ብይዛት፣ ሳትታገለኝ አየችኝና "ያሳደግሁህ እጄን እንድትጠመዝዘኝ ነው?" አለችኝ። ለቀቅኋት።

ከዚያ የሆነው ሁሉ አስቀድሜ የማውቀው ነው። እንስራ ውኃ ብትጠጣ ጥሟ አይቆርጥላትም። ፊቷ ተመጠጠ። ትንፋሿ እንደ በሰለ ፍሬ ሸተተኝ፤ በጦርነቱ ጊዜም እንዲሁ ሸትቶኝ ነበር። ማስመለስ ስትጀምር፣ እምቢ የምትልበት አቅም ስላልነበራት፣ በጀርባዬ አዝዬ ሐኪም ቤት ወሰድኋት። የሚችሉትን አደረጉላት፤ ዘግይተን ነበር። መናገር በቻለችበት በመጨረሻው ሰዓት በእጇ ጠርታ ጆሮዬን አስጠጋችው። ተሳሳትሁ የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

"ሰዎቹ ከጠየቁህ" አለች፣ "በሌላ በሽታ ነው የሞተችው በላቸው።"

እሺ አልኋት። ሌላ ምን እላታለሁ?

ቃሌን ጠበቅሁ። ለቅሶ ለመጣው ሁሉ ሆዷን ነው፣ ድንገት ነው እያልሁ ሸኘሁ። ጎረቤት እውነቱን ያውቃል፤ ግን ከሐዘንተኛ ጋር ማን ይከራከራል? ፊልሙ ወጥቶ በየስልኩ ሲዞርም ዝም አልሁ። እህቴ የምትታየው ለአፍታ ነው፤ ብድግ ትላለች፣ ትጮኻለች፣ ሐኪሙ ዓይኑን ይጠቅሳል፣ ሰው ይስቃል። ቂም አልያዝሁባቸውም። ቂም የምይዝበት ሰው ባገኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ሽማግሌው ከመንደራቸው በምርኩዝ መንገዱን እየዳበሱ መጡ። ወሬው የደረሳቸው ዘግይቶ ነው። አስቀመጥኋቸው። እግዚአብሔር ያጥናህ ብለው ጥቂት ካለቀሱ በኋላ በምን እንደሞተች ጠየቁኝ።

"ሆዷን ነው አባባ። ድንገት ነው።"

"ተመስገን!" አሉና ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ። "የፊተኛው ተመልሶባት እንደሆን ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እኔም እኮ ሐኪም ቤት የሰጡኝን የዓይን ጠብታ የተውሁት ያን ዕለት ነው። እሷ በአንድ ቃል ስትነሣ እኔ በጠብታ ልጠራጠር?"

ዓይናቸውን አየሁት። የሚያነጋግሩት እኔን ነው፤ የሚያዩት ግን የበሩን መቃን ነው። እጄን ከፊታቸው አወዛወዝሁ። አልተከተሉትም። "አሁንስ እንዴት ነው?" ብላቸው፣ "ጭጋጉ ትንሽ ጨመረ እንጂ ደኅና ነው" አሉኝ።

ለእህቴ የገባሁላትን ቃል እዚያው አፈረስሁት። "አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። የገደላት ስኳሯ ነው። አልዳነችም፤ አንድም ቀን አልዳነችም። ዳንሁ በይ ያሏት ለጨዋታ ነው። እግዚአብሔር ያሳይዎ፣ ይነሡ፤ እኔ ራሴ ሐኪም ቤት ልውሰድዎ።" እጃቸውን ይዤ እየጎተትሁ ነበር።

ሽማግሌው ተረጋግተው አዳመጡኝ። ከዚያ በሌላ እጃቸው ፈልገው ፈልገው ትከሻዬን አገኙትና ቸብ ቸብ አደረጉኝ።

"አይ ልጄ" አሉኝ በርኅራኄ፣ "ሐዘን ነው እንዲህ የሚያናግርህ። እሷን እኮ እኔ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።"